ሃምሳዋ ሌንስ ክሮፕ ካሜራ ላይ ስንት ናት? ሰባት ሰው አንድ ፎቶ ውስጥ አልገባልኝም

የጀጎሏ | ሐረር | ማክሰኞ፣ ምሽት 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ያለኝ ያገለገለ የካኖን ክሮፕ (አነስ ያለ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ነው። አብሮት የመጣው 18–55 ሌንስም አለኝ። ባለፈው ወር ብር አጠራቅሜ 50 ሚሊ፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ገዛሁ (ኤፍ ቁጥሩ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት የሚናገረው ነው)። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ሃምሳዋን ግዢ፣ ዓይንሽ የሚያየውን ነው የምታሳይሽ» ብሎኝ ነበር።

እሁድ ጀጎል ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተጠራሁ። ልጃቸው ልትዳር ነው። የሐረሪ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ነደባው፣ ማለትም መቀመጫ መደቡ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ሰባት ሰው ትልቁ ነደባ ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። አያትየው መሀል፣ ሙሽሪት በቀኛቸው። ሃምሳዋን ገጥሜ ዓይኔን ሳስጠጋ የገባልኝ ሦስት ሰው ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። አንድ ስፌት ትከሻዬ ላይ ወረደ። አሁንም ሦስት ሰው። 18–55ን ቤት ጥያት ነበር የሄድኩት። ከፋፍዬ አነሳኋቸው። አያትየው «ሁላችንንም አንድ ላይ አርጊን እንጂ ልጄ» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ሌንሷን የሸጠልኝ ልጅ ጋ ስደውል «ካሜራሽ ክሮፕ ስለሆነ 50ው 80 ሆኗል፣ ፉል ፍሬም ካልገዛሽ አይሆንም» አለኝ። እውነት ነው? ሌንሷ ተለወጠች? ኤፍ 1.8ስ እንዳለ ነው? ያን ያህል ብር ማውጣት አልችልም። ከማውጣቴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ መረዳት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ተመልሼ ላነሳቸው ቃል ገብቻለሁ።


የከዚራው ፎቶ ቤት | ድሬዳዋ | ማክሰኞ፣ ምሽት 3:05

እህቴ፣ ሌንስሽ ምንም አልሆነችም። 50 ተብላ ተሠርታለች፣ 50 ናት። የትም ካሜራ ላይ ብትገጥሚያት አትለወጥም። ልዩነቱ ከጀርባዋ ያለው ሴንሰር፣ በፊልም ፈንታ ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል፣ ከምስሉ ምን ያህሉን ይቀበላል የሚለው ላይ ነው።

በሥራዬ ላስረዳሽ። እኔ ያደግኩት በፊልም ዘመን ከዚራ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ደንበኛ መጥቶ ሙሉ ቁመት ይነሳል። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ «ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነበር» ይላል። እንደገና አናነሳውም። ያንኑ ኔጋቲቭ ማጉያው ውስጥ እንከተዋለን። ከደረቱ በላይ ያለው ብቻ ወረቀቱን እስኪሞላ ድረስ ማጉያውን ከፍ እናደርጋለን። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በዚያች ቀይ መብራት፣ ሰውየው ወረቀቱ ላይ እየቀረበ ሲመጣ ታያለሽ። ሰውየው ግን ወደ ካሜራው አንድ እርምጃ አልቀረበም። ሌንሱም ያው ነው። ዳር ዳሩን ጥለን የቀረውን ስላጎላን ነው የቀረበ የመሰለው።

ክሮፕ ካሜራ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ገና ስታነሺ ጉርድ ያወጣልሻል።

ከምን ላይ ነው የሚቆርጠው? ከ36 በ24 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ፉል ፍሬም ከሚባለው። ልኩ የመጣው ከፊልም ነው። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ለሲኒማ የተሠራውን ፊልም ለፎቶ ካሜራ ሲወስደው፣ የሲኒማውን 18 በ24 ምስል እጥፍ አደረገው። 24 በ36 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ ካሜራ ገበያ ላይ ሲወጣ በዚህ ልክ ነበር። ከዚያ ዓለም ሁሉ ተከተለው። እኛም ባለ 36 ፖዝ እያልን ስናነሳበት የኖርነው እሱን ነው። «35 ሚሊ» የሚባለው ደግሞ የፊልሙ ወርድ ነው፣ ዳርና ዳር ያሉት ቀዳዳዎች ተቆጥረው። ብዙ ሰው ይህን ከሌንስ ቁጥር ጋር ያምታታዋል።

ዲጂታል ሲመጣ ያን የሚያህል ሴንሰር መሥራት እጅግ ውድ ነበር። ሴንሰር የሚቆረጠው ከሲሊከን ገበታ ነው። ቁራጩ በተለቀ ቁጥር ከአንድ ገበታ የሚወጣው ጥቂት ይሆናል። ትንሽ እንከን ከተገኘበትም ቁራጩ በሙሉ ይጣላል። ስለዚህ አነስ ያለው ለብዙኃኑ ሆነ። ያንቺ ካሜራ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ ይሉታል። ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ከመጣ የፊልም ዓይነት ነው።

ስሌቱን ወጣቶቹ ይጻፉልሽ። እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ፉል ፍሬም እንዳትገዢ። ለዚህ ምክንያት አትግዢ።


የጀጎሏ | ሐረር | ማክሰኞ፣ ምሽት 3:20

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። የጉርድ ፎቶው ምሳሌ ወዲያው ነው የገባኝ። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ታዲያ 80 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?


የከዚራው ፎቶ ቤት | ድሬዳዋ | ማክሰኞ፣ ምሽት 3:24

ድሬ «እርስዎ» አይባልም፣ አንተ በዪኝ አቦ። 80 የመጣው ከማወዳደር ነው። በክሮፕ ካሜራሽ 50 ገጥመሽ የምታዪውን ያህል ስፋት በፉል ፍሬም ለማየት የ80 ሚሊ ሌንስ ያስፈልጋል ለማለት ነው። የእይታ ስፋቱ ብቻ ነው የሚመሳሰለው።


ሰያፍ | ድሬዳዋ | ማክሰኞ፣ ምሽት 4:02

ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፣ ስሌቱን እኔ ልውሰደው። ከስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አይዘልም።

ክሮፕ ፋክተር ማለት የፉል ፍሬሙ ሰያፍ ለካሜራሽ ሴንሰር ሰያፍ ሲካፈል ነው። ሰያፍ ማለት ከአንዱ ጥግ ወደ ትይዩው ጥግ የሚሄደው መስመር ነው። ፓይታጎረስን አስታውሺ።

ፉል ፍሬም፦ 36 በ36 ሲባዛ 1296። 24 በ24 ሲባዛ 576። ድምሩ 1872። ስኩዌር ሩቱ 43.27 ሚሊ ሜትር።

ያንቺ፦ 22.3 በራሱ ሲባዛ 497.3። 14.9 በራሱ 222። ድምሩ 719.3። ስኩዌር ሩቱ 26.8።

43.27 ለ26.8 ሲካፈል 1.61 ይመጣል። ሰው አጠጋግቶ 1.6 ይለዋል። 50 በ1.6 ሲባዛ 80። የሻጩ ቁጥር ልክ ነው። ምክሩ ነው ልክ ያልሆነው።

ምክንያቱን ላሳይሽ። አንቺን የሚጠቅምሽ ሌላ ቀመር ነው፣ ይህኛው ክሮፕ ፋክተርንም አይፈልግም፦

ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት = ከሰዎቹ ያለሽ ርቀት × የሴንሰሩ ወርድ ÷ የሌንሱ ቁጥር

ክፍሉን አልለካሁትም፣ ግን ከሰዎቹ 4 ሜትር ብትርቂ እንበል። 4 ሲባዛ በ22.3፣ ለ50 ሲካፈል 1.78 ሜትር። ተቀምጦ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጋ ሰው ግማሽ ሜትር ያህል ይይዛል። ሦስት ሰው ተኩል ማለት ነው። ያየሽው ይኸው ነው።

አሁን ፉል ፍሬም ገዛሽ እንበል፣ በዚያችው በ50። 4 ሲባዛ በ36፣ ለ50 ሲካፈል 2.88 ሜትር። አምስት ሰው ከምናምን። ሰባቱ አሁንም አይገቡም! ያን ሁሉ ብር አውጥተሽ ሁለት ሰው ውጭ ይቀራል።

ቤት ጥለሻት የሄድሻት 18–55 ደግሞ 18 ላይ፦ 4 ሲባዛ በ22.3፣ ለ18 ሲካፈል 4.96 ሜትር። ሰባት ሰው ገብቶ ይተርፋል። መልሱ ቦርሳሽ ውስጥ ነው ያለው።

ቅዳሜ ከመሄድሽ በፊት ርቀቱን በትክክል ለክተሽ ጻፊልን። ከራስሽ ዓይን እስከ ሰዎቹ ጉልበት ሳይሆን እስከ ፊታቸው።


ሰንጋ በር | ሐረር | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

እኔ ኒኮን ነው ያለኝ። የኔም 1.6 ነው?


ሰያፍ | ድሬዳዋ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:52

አይደለም። የኒኮን ክሮፕ ሴንሰር፣ ዲኤክስ የሚሉት፣ 23.5 በ15.6 ነው። ሰያፉ 28.2። 43.27ን ለሱ ስታካፍለው 1.53፣ ሰው 1.5 ይለዋል። ሶኒና ፉጂ ክሮፕም እዚያው አካባቢ ናቸው። ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው ከነዚህም ያነሰ ሴንሰር 17.3 በ13 ስለሆነ ልክ 2 ይመጣል። ግን የሱ ምስል ቅርጹ ራሱ ይለያል፣ 4 ለ3 ነው። በወርድ ብታወዳድረው 2.08፣ በቁመት 1.85 ነው። ለዚህ ነው በሰያፍ የሚሰላው።


ቴሌ | ድሬዳዋ፣ ሳቢያን | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:15

አንድ ነገር ልጨምር። ክሮፕ ካሜራ ለፖርትሬት ይሻላል። 50 እንደ 80 ስለሚሆን ባክግራውንዱን ያስጠጋል፣ ፊትን ያሳምራል። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ወላሂ። ስለዚህ «ሌንሷ አልተለወጠችም» የሚለውን አልቀበልም።


የከዚራው ፎቶ ቤት | ድሬዳዋ | ረቡዕ፣ ቀን 6:40

ወንድሜ፣ ያየኸውን አየሁ ካልክ አምንሃለሁ። ምክንያቱን ነው የሳትከው። ባክግራውንዱን ያስጠጋው የቆምክበት ቦታ ነው። ክሮፕ ካሜራ ይዘህ አንድ ሰው እስከ ወገቡ ለማስገባት ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ወደ ኋላ ስለሄድክ አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲተያይ አይገዝፍም፣ ኋላው ያለው ግድግዳም የቀረበ ይመስላል። ፉል ፍሬም ይዘህ እዚያው ቦታ ብትቆም ፊቱ ያው ነው፣ ዙሪያው ብቻ ይሰፋል።


ሰያፍ | ድሬዳዋ | ረቡዕ፣ ማታ 1:10

ይህን በክርክር ከምንጨርሰው ብዬ ዛሬ ከሰዓት ከጓደኛዬ ጋር ሞከርነው። እሱ የካኖን ፉል ፍሬም አለው፣ እኔ ክሮፕ። ያው አንድ 50 ሚሊ ለሁለቱም ይገጥማል።

ከዚራ ጥላ ሥር አንድ ባጃጅ በጎኑ አቆምን። ርዝመቱ 2.6 ሜትር ያህል ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ባጃጇ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ፎቶውን ጥርቅም አድርጋ ትሙላ። መጀመሪያ በወረቀት ሠራነው። ለፉል ፍሬም 50 ሲባዛ በ2.6፣ ለ36 ሲካፈል 3.6 ሜትር። ለክሮፕ 50 ሲባዛ በ2.6፣ ለ22.3 ሲካፈል 5.8 ሜትር። ከዚያ በሜትር ለካን። በአንድ በሁለት ጣት ልዩነት ያው መጣ። 5.8ን ለ3.6 አካፍሉት፣ 1.61። ክሮፕ ፋክተር አስፋልት ላይ በእግር ተለካ ማለት ነው።

አሁን የቴሌ ነገር። ከባጃጇ 4 ሜትር ኋላ አንድ ሰማያዊ የሱቅ በር ነበር። ከ3.6 ሜትር ሲነሳ በሩ ከባጃጇ ጀርባ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ከ5.8 ሜትር ሲነሳ በሩ ገዝፎ መጣ፣ ባጃጇ ላይ የተለጠፈ መሰለ። ቴሌ ያየው ይህን ነው፣ እውነቱን ነው።

ግን ሦስተኛ ፎቶ አነሳን። ሁለቱንም ካሜራ እዚያው 5.8 ሜትር ላይ። የፉል ፍሬሙን ኮምፒዩተር ላይ ዳር ዳሩን ቆርጬ ከክሮፑ ጋር አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩት። በሩ፣ ባጃጇ፣ የሹፌሩ ክርን፣ ሁሉም እላዩ ላይ ተኛ። ልዩነት የለም። የጋሽዬ ጉርድ ፎቶ ማለት ይኸው ነው።


ቴሌ | ድሬዳዋ፣ ሳቢያን | ረቡዕ፣ ማታ 1:45

ሦስተኛውን ፎቶ ሳየው ተቀበልኩ። ለካስ እግሬ ነበር የሚሠራው። አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ለዚህ ብለህ ፀሐይ ላይ መዋልህ።


ፈላና በር | ሐረር | ረቡዕ፣ ማታ 3:30

ስለ ኤፍ ቁጥሩ ማንም አልመለሰላትም።

እኔ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ አነሳለሁ። ያለው ብርሃን የባጃጅ የፊት መብራት ነው፣ እሱም ካቆሙልህ። ኤፍ 1.8፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ፎቶውን የሚያደምቀው ቁጥር) 6400። ፉል ፍሬም የያዘ ጓደኛዬ አጠገቤ ተንበርክኮ ያንኑ ቁጥር አስገብቶ ያነሳል። የሁለታችንም ፎቶ ድምቀቱ እኩል ነው። ስለዚህ ኤፍ 1.8 ኤፍ 1.8 ነው። «በ1.6 ተባዝቶ 2.9 ይሆናል» እያሉ አዲስ ሰው ማስፈራራት ልክ አይመስለኝም። ሃምሳዋ ለጨለማ ግሩም ሌንስ ናት። በርካሽ ከዚህ የተሻለ የለም።


ሰያፍ | ድሬዳዋ | ረቡዕ፣ ማታ 4:05

ፈላና በር፣ ስለ ድምቀቱ ያልከው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። መባዛቱ ግን ሁለት ቦታ ላይ እውነት አለው።

በርበሬ በሰፌድ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አስብ። ትልቅ ሰፌድም ትንሽ ሰፌድም ላይ ያለች እያንዳንዷ በርበሬ የምታገኘው ፀሐይ እኩል ነው። ድምቀት ማለት ይህ ነው፣ ለዚህ ነው የሁለታችሁ ፎቶ እኩል የደመቀው። በጠቅላላው የተሰበሰበው ፀሐይ ግን በትልቁ ሰፌድ ላይ ይበልጣል። ፉል ፍሬም 36 ሲባዛ በ24፣ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ክሮፕህ 332 ነው። 2.6 እጥፍ ልዩነት አለ። ያ የሚታየው ኖይዝ ላይ፣ ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው ነጠብጣብ ላይ ነው። በሴንሰር ዘመን ከተቀራረባችሁ፣ ያንተ አይኤስኦ 2500 እና የሱ 6400 በአንድ ልክ ሲታተሙ የአሸዋቸው ነገር ይቀራረባል።

ሁለተኛው ብዥታው ነው። ሁለታችሁም አንድ ቦታ ቆማችሁ አንድ ዓይነት ስፋት ብታነሱ፣ አንተ በ50 ኤፍ 1.8፣ እሱ በ80፣ የሱ ባክግራውንድ ያንተን እንዲመስል ኤፍ 2.9 አካባቢ ላይ ማድረግ አለበት። በ1.6 የሚባዛው ለዚህ ማወዳደሪያ ብቻ ነው። ካሜራህ ላይ የምታስገባውን ቁጥር አይነካም።


ፈላና በር | ሐረር | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:00

ማታውኑ ሄደን ሞከርን። ጅቦቹ አምስት ነበሩ። የኔ 2500 ላይ ጨለም አለ፣ መብራቱን አስጠግተን ደገምነው። ቤት ገብተን ጎን ለጎን አየናቸው። የጅቡ አንገት ላይ ያለው ጠጉር በሁለቱም እኩል ይቆጠራል። ልክ ነህ። ሸተሩ ላይም አንድ ነገር አስተዋልኩ። በ50 ላይ 1/50 ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ እጄ ይንቀጠቀጥበታል። ክሮፕ ላይ 1/80 ካላደረግኩት አይጠራም። እዚያም ላይ 1.6 አለ።


ሐረማያ | ሐረማያ | ሐሙስ፣ ቀን 7:20

ወፍ ከምናነሳው ወገን ልናገር። እኔ ሐይቁ ዳር ነው የምውለው። ለኔ ክሮፕ ፀጋ ነው። የኔ 300 ሚሊ 480ን ያህላል። 480 የሚደርስ ሌንስ ዋጋው አይነካም፣ ክብደቱም ትከሻ ይሰብራል።

ግን እዚህ ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወፏን ያቀረባት መቆረጡ ራሱ አይደለም። መቆረጥማ ማንም ኮምፒዩተር ላይ ይቆርጣል። ዋናው በዚያች ትንሽ ሴንሰር ላይ ስንት ፒክስል ታጭቋል የሚለው ነው። የኔ ክሮፕ 24 ሜጋፒክስል ነው። 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ላይ ያንኑ 300 ገጥመህ ወደኔ ልክ ብትቆርጠው የሚቀርህ 24 ለ2.6፣ ወደ 9 ሜጋፒክስል ነው። የወፏ ዓይን ላይ ልዩነቱ ይታያል። 45 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም ከሆነ ግን ተቆርጦም 17 ይተርፈዋል፣ ልዩነቱ ይጠባል።


ሰንጋ በር | ሐረር | ሐሙስ፣ ማታ 1:00

ይቅርታ ሌላ ጥያቄ። ለክሮፕ ተብሎ የተሠራ ሌንስ ላይ 18–55 ተብሎ ሲጻፍ ተባዝቶ ነው የተጻፈው? አንድ ሰው «የክሮፕ ሌንስ አይባዛም» ብሎኛል።


የከዚራው ፎቶ ቤት | ድሬዳዋ | ሐሙስ፣ ማታ 1:35

አልተባዛም። ሌንስ ላይ የሚጻፈው እውነተኛ ቁጥሩ ነው፣ ለማንም ካሜራ ይሠራ። የክሮፕ 18 እና የፉል ፍሬም 18 እኩል 18 ናቸው። የክሮፕ ሌንስ የሚለየው የሚጥለው የብርሃን ክብ አነስ ስለሚል ነው። ትልቁን ሴንሰር አይሸፍንም፣ ጥግ ጥጉ ይጨልማል። ኒኮን ከሆንክ የዲኤክስ ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ይገጥማል፣ ካሜራው ራሱ ቆርጦ ያነሳል። የካኖን የክሮፕ ሌንስ፣ ኢኤፍ-ኤስ የሚሉት፣ ግን ባለ መስታወቱ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ጭራሽ አይገባም። የጀጎሏም ይህን እወቂው። ያ ሻጭ እንዳለሽ እንዲህ ያለውን ፉል ፍሬም ብትገዢ ኖሮ 18–55ሽን መልሰሽ ሳጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጫት።


ቪዲዮ ቤት | ድሬዳዋ፣ መጋላ | ሐሙስ፣ ማታ 2:50

ቪዲዮ የምትሠሩ፣ ካሜራችሁ 4ኬ ላይ ሲሆን ተጨማሪ እንደሚቆርጥ ወይም እንደማይቆርጥ ቀድማችሁ አረጋግጡ። አንዳንዱ ከሴንሰሩ መሀሉን ብቻ ነው የሚጠቀመው። እኔ ሠርግ ላይ ፎቶ አንስቼ ወደ 4ኬ ስቀይረው ሙሽሮቹ ከወገብ በላይ ብቻ ቀሩ። ተጨማሪው ቁርጥ 1.6 ከሆነ ከመጀመሪያው 1.6 ጋር ይባዛል፣ 2.56። 18 ሚሊህ 46ን ያህላል። ዋይድ የለህም ማለት ነው። በፉል ኤችዲ ስመልሰው ሙሉው ተመለሰ።


ሳቢያን 04 | ድሬዳዋ | ዓርብ፣ ጠዋት 4:10

ስልክስ? ስልኬ 24 ሚሊ ይላል።


ሰያፍ | ድሬዳዋ | ዓርብ፣ ቀን 6:15

ስልክ ላይ የሚጻፈው ቀድሞ የተባዛ ነው፣ ከሌንስ በተቃራኒ። ሴንሰሩ 9.8 በ7.3 ቢሆን ሰያፉ 12.2 ነው፣ ክሮፕ ፋክተሩ 3.5። 24 ለ3.5 ሲካፈል እውነተኛው ሌንስ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንደገና አታባዛው።


የጀጎሏ | ሐረር | ቅዳሜ፣ ማታ 2:30

ተመልሼ መጣሁ።

ጠዋት መኪና ግርግር ሄጄ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር 1 ሜትር ከ50 ነው። ነደባው ላይ ከአያትየው ቦታ ተነስቼ ግድግዳው ድረስ ሁለት ጊዜ ሙሉ አስተኛሁት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ተረፈ። 3.4 ሜትር። ሰባቱን ሰዎች ሳስቀምጣቸው ከዳር እስከ ዳር 3.5 ሜትር ያዙ።

ደብተሬ ላይ ሠራሁት። 3.4 ሲባዛ በ22.3፣ 75.8። ለ50 ሲካፈል 1.5 ሜትር፣ ያው ሦስት ሰው። ለ24 ሲካፈል 3.16፣ አይበቃም። ለ20 ሲካፈል 3.79፣ ይበቃል። ለ18 ሲካፈል 4.2፣ ይተርፋል።

መጀመሪያ 18 ላይ ሞከርኩ። ገቡ። ግን ዳር ከተቀመጠችው አክስት ወዲያ ብዙ ባዶ ቦታ ተረፈ። ዙሙን ቀስ ብዬ ወደ 20 ሳዞረው ተስተካከለ። ሰባቱም ገቡ፣ ከበላያቸው የተሰቀለው ስፌትም በሙሉ ገባ። ኤፍ 5.6 አደረግኩ፣ በሩን ከፈትን፣ ብርሃኑ ከግራ ገባ። ሁሉም ፊት ጥርት አለ።

ከዚያ ሃምሳዋን ገጠምኩ። አያትየውንና ሙሽሪትን ብቻ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ። ኤፍ 2 ላይ። ለዚህ ነው የተሠራችው። ኋላው ያለው ስፌት ሁሉ ቀለም ብቻ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ከናንተ ተማርኩ። ያ «ዓይንሽ እንደሚያየው» የሚሉት ስፋት ለኔ ካሜራ 50 አይደለም። 50 ለ1.6 ሲካፈል 31 ነው። ዙሜን 31 ላይ አድርጌ ጀጎልን ዞርኩ። ጥሩ ነው።

ሰያፍ፣ ወንድሜ፣ ያቺን ቀመር ካሜራ ቦርሳዬ ክዳን ላይ ጽፌያታለሁ።


የከዚራው ፎቶ ቤት | ድሬዳዋ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:55

ደስ አሰኘሽኝ። አያትየው ምን አሉ?


የጀጎሏ | ሐረር | ቅዳሜ፣ ማታ 3:01

«ትልቅ አድርጊውና እዚያ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን» አሉ። ሰኞ 30 በ40 ላሳትመው ነው።


የከዚራው ፎቶ ቤት | ድሬዳዋ | ቅዳሜ፣ ማታ 3:08

ቆይ ቆይ! 30 በ40 እንዳታሳትሚው። የካሜራሽ ምስል 3 ለ2 ነው፣ 30 በ40 ደግሞ 4 ለ3። ወረቀቱን ለመሙላት ማተሚያ ቤቱ ከሁለቱም ጎን ይቆርጥብሻል። ስሌቱን ተከተይ፦ ቁመቱ ሙሉ ሲቀመጥ ከሴንሰሩ ወርድ የሚቀረው 19.9 ሚሊ ሜትር ነው። 3.4 ሲባዛ በ19.9፣ ለ20 ሲካፈል 3.38 ሜትር። ሰዎችሽ 3.5 ናቸው። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ትከሻቸው ይቀራል። 30 በ45 በያቸው፣ እሱ 3 ለ2 ነው።


የጀጎሏ | ሐረር | ቅዳሜ፣ ማታ 3:15

ዳር ያለችው ያቺው አክስት ናት! 30 በ45 እላቸዋለሁ። ፍሬሙንም በዚያው ልክ አሠራለሁ።